የቁራሽ እንጀራ ዕዳ

የአገራችን ሰው ምስጋናውን በሁለት ቃል ይገልጻል። አንደኛው «አመሰግናለሁ» የሚለው ነው፤ ይህን በከተማ ዘወትር እንሰማዋለን። ሁለተኛው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ቃል ነው። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ሁለተኛውን ቃል ጥቂት ቆም ብላችሁ መርምሩት። «ይስጥልኝ» ማለት «ስለ እኔ፥ በእኔ ፈንታ ይስጥ» ማለት ነው። ተቀባዩ ለሰጪው፥ «የዋልህልኝን ውለታ እኔ ልከፍለው አልችልም፤ ከእኔ የሚበልጠው ይክፈልህ» ማለቱ ነው። እንግዲህ ቃሉ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ዕዳን ማመን ነው። የሚሰጠው ያጣ ባለቤትም ለማኙን የሚያሰናብተው ከዚሁ ቃል ሳይርቅ ነው፤ «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። የሰጠው፥ የተቀበለውና የሚሰጠው ያጣው፥ ሦስቱም የሚጠሩት አንድ ባለጸጋ ነው።

እኔ ይህን ቃል በልጅነቴ ብዙ ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ትርጓሜው የገባኝ ግን ከጎለመስሁ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምነግራችሁ የአገራችን የጥንት ትምህርት በማን እንጀራ እንደ ቆመ፥ እንጀራውን የበላን ሰዎችም ምን ዕዳ እንዳለብን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ገደማ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከማስከፈታቸው በፊት፥ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፥ የክርስቲያኑ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነበር። ትምህርቱም እንደ ደረጃ ነው። በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓና ድጓ ይማራል። በቅኔ ቤት የግእዝን አገባብ አጥንቶ ቅኔ ይቆጥራል፥ ይዘርፋል። በመጨረሻም ዕድሜና ትዕግሥት የሰጠው በመጻሕፍት ቤት ብሉዩን፥ ሐዲሱን፥ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው ይሰማል። ይህን ሁሉ እፈጽማለሁ ያለ ሰው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

ሁሉም በአንድ ስፍራ አይገኝም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም ይኬዳል፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ፥ ለቅኔ በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፥ ለአቋቋም ጎንደር። ስለዚህ ተማሪው አገር ላገር ሲዞር የሚኖር መንገደኛ ነበር። መምህሩ ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ድርሻ ቢኖረው፥ ተማሪው ምንም ድርሻ የለውም። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ ቀለብም አይሰጠውም። የሚበላውን ያገኝ የነበረው በቀፈፋ ነው፤ ይኸውም በየቤቱ እየዞረ በእመቤታችን ስም በመለመን። የሚሰጠው ጥሬም ሆነ ቆሎ፥ ቂጣም ሆነ እንጀራ ያው ነው። «የቆሎ ተማሪ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

እኔ በ1951 ዓ. ም. በጎጃም ወደሚገኝ አንድ ቅኔ ቤት ስገባ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጓዜ አንድ ደበሎ፥ አንድ አኮፋዳና ለውሻ መከላከያ የሚሆን አንድ ዱላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተማሪዎች በሠሯት ጎጆ አምስት ሆነን እናድር ነበር። ቀን ቀን ከየኔታ እግር ሥር ውለን ወደ ማታ እያንዳንዳችን በተመደበልን መንደር እንወጣለን። ከአጥሩ ውጭ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም!» እንላለን፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ስጡን ማለታችን ነው። ውሻው ይጮኻል፤ እኛም ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ባለቤቲቱ ብቅ ብላ ቁራሽ ትሰጠናለች፤ ወይም «እግዜር ይስጥህ፥ ተማሪ» ትለናለች። በዚያው ወደሚቀጥለው ቤት።

ከእኛ ጋር የደህና ቤተ ሰብ ልጅ ነበረ። አባቱ በሬና መሬት ያለው ሰው ነው፤ ስንቅ ለመላክ አይቸገርም ነበር። ሆኖም የኔታ እርሱንም እንደ እኛ ለቀፈፋ ያወጡት ነበር። አንድ ቀን አፍሮ አኮፋዳውን በደበሎው ሲሸሽግ አይተውት፥ «ልጄ፥ ሳይለምን የተማረ ሰው ሲሾም የለመነውን ይንቃል» አሉት። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። አሁን ግን የዚያ ቤት ዋና ትምህርት እርሱ ይመስለኛል። የቀፈፋው ግብ ሆድ መሙላት ብቻ አልነበረም፤ ነገ ሊቅ ተብሎ ከፍ ባለ ወንበር የሚቀመጠው ሰው የድኻ ደጃፍ ምን እንደሚመስል በእግሩ እንዲያውቀው ነበር።

እስካሁን ስለ ተቀባዩ ተናገርሁ፤ አሁን ወደ ሰጪው እንመለስ። የአንድ መንደር ሰው በየማታው ደጁን ለሚያንኳኳ ለማያውቀው ልጅ ስለ ምን ይሰጣል? ብዙዎች ልግስና ድንገት ልብን የሚነካ ስሜት ይመስላቸዋል። ስሜት ግን ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል፤ በስሜት ብቻ የቆመ ቅኔ ቤት ቢኖር ሳምንት ሳይሞላው ይበተን ነበር። የእናቶቻችን ልግስና ቀን የተቆረጠለትና መጠን የተወሰነለት ልማድ ነበር። በወሩ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ የጽዋ ማኅበሩ በተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ያበላል፥ ድኻውም ከዚያ ይቋደሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ። በጾም ወራት ከምሳ የተረፈው ለተቸገረ እንዲሰጥ ካህናቱ ያስተምራሉ። ከመከር ዐሥራት ይወጣል።

ይህም የክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። በወሎ ከእኛ ቅኔ ቤት የሚመሳሰል ነገር በእስልምናው ወገን ነበር። ደረሳ የሚባለው ተማሪ እንደ ዳና ወዳሉ ታላላቅ የትምህርት ስፍራዎች ከሩቅ አገር መጥቶ በሼኹ ዘንድ ቁርኣንና ፊቅህ ሲማር የአካባቢው ገበሬ ያበላው ነበር። ዘካም የታወቀ መጠን አለው፤ በዝናብ ከበቀለ እህል ከዐሥር አንድ፥ በመስኖ ደክመው ካበቀሉት ከሃያ አንድ ነው። ከዚህ በላይ ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ሰደቃ ይባላል። መጠኑ ለምን ተወሰነ ብትሉ፥ ሰው ልቡ በፈቀደ ጊዜ ብቻ ቢሰጥ ልቡ የማይፈቅድበት ብዙ ቀን ስላለ ነው። እምነት ልግስናን ከስሜት እጅ ወስዶ ለቀን መቁጠሪያ አደራ ሰጠው።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ሁሉ ወርቅ አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ለመታየት የሚሰጥ ነበረ። ትምህርቱን ትቶ ቀፈፋን መተዳደሪያ ያደረገ ተማሪም ነበረ። ደግሞም ልግስና ራሱ የሚደክምበት ክፉ ጊዜ ይመጣል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. የቆየው ክፉ ቀን እንዲህ ያለ ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአገሩን በሬና ላም ፈጀው፤ የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ታከለበት። ትናንት የሚሰጠው ዛሬ ለማኝ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ያለ በሬም ሊታረስ እንደሚቻል ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ማሳየታቸው በታሪካቸው ይነገራል። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው ያወረሱት ነገር ቢኖር፥ በደጅ የቆመውንና በቤት የተቀመጠውን የሚለያቸው አንድ መጥፎ ዓመት ብቻ መሆኑን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሲሰጥ አይኰራም፤ ሲቀበልም አይዋረድም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

እኔ በምቀፍፍበት መንደር ዳር፥ ከወንዙ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቤቷ ከሁሉ የራቀ ስለ ሆነ ሌሎቹ ተማሪዎች አይደርሱበትም። እኔ ግን ደፍሬ አንድ ቀን ሄድሁ፤ ከዚያም ወዲያ አልቀረሁም፤ ምክንያቱም ያቺ ሴት «እግዜር ይስጥህ» ብላ መልሳኝ አታውቅም ነበር። ነሐሴ ሲገባ አሮጌው እህል ያልቃል፥ አዲሱ አይደርስም፤ በብዙ ቤት መሶቡ ባዶ ነው። እርሷ ግን በዚያም ወር ግማሽ ቂጣ ይዛ ትወጣለች። እኔም «እሜቴ፥ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በዝናብ እየሮጥሁ እሄዳለሁ። ከየት አምጥታ እንደምትሰጠኝ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ልጅ ቢርበው የሚያስበው ስለ ቂጣው ነው እንጂ ስለ መሶቡ አይደለም።

በ1958 ዓ. ም. ወደ ከተማ ሄጄ ዘመናዊ ትምህርት ጀመርሁ። በቅኔ ቤት የሠላ አእምሮ ለሌላውም ትምህርት አያንስምና ቶሎ ተሳካልኝ። ሥራ ያዝሁ፤ ደመወዝ ቈጠርሁ። ለሥራ ጉዳይ ሁለት ጊዜ በመኪና በዚያ አገር በኩል አለፍሁ። ከመንገዱ እስከ ሴትዮዋ ቤት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ «በመልስ እጠይቃታለሁ» አልሁ፤ በመልስ ግን መሸብኝ። በሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ አልሁ፤ እንዲሁም ሆነ። ልቤን ያጽናናሁበት ሰበብ፥ «በዚያን ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ ብያታለሁ፤ እርሱ ይሰጣታል» የሚል ነበር። አያችሁን፥ ዕዳን ማመኛ የነበረውን ቃል ዕዳን መጣያ አደረግሁት።

በሦስተኛው ጊዜ፥ በ1975 ዓ. ም.፥ ሄድሁ። ሴትዮዋ በ1970 ዓ. ም. ሞታ ነበር። በልጅነቱ የማውቀው ልጅዋ አሁን የቤት አባወራ ሆኗል። ማንነቴን ስነግረው ወደ ቤት አስገብቶ ውኃ በእጄ ላይ አፈሰሰልኝ፤ መሶብ ቀረበ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቈርሶ ለእኔ ሰጠኝ። ስለ ነሐሴው ቂጣ ጠየቅሁት። እርሱም እንደ ተራ ነገር፥ «የእናቴ እራት ነበር» አለኝ። «ማታ ማታ ከድርሻዋ ግማሹን ለተማሪ ታስቀምጥ ነበር። ለእኛ ለልጆቿ ግን አታጎድልብንም።»

ያን ቀን የበላሁት እንጀራ በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ከኪሴ ገንዘብ አውጥቼ ሰጠሁት። እጄን በቀስታ መለሰና፥ «ጋሼ፥ እናቴ ስትሰጥ ለእርስዎ ብላ አልነበረም፤ ለስሟ ብላ ነበር። ዕዳ አለብኝ ካሉ ተማሪዎቹ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አሉ» አለኝ። ፊደል የማያነብ ገበሬ ነበር፤ በቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጬ ያልገባኝን ምስጢር በሁለት ዐረፍተ ነገር ፈታልኝ። የቸርነት ዕዳ ለሰጪው ተመልሶ አይከፈልም፤ ከኋላችን ለሚመጣው ይከፈላል። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል እግዚአብሔር ይሰጥ ዘንድ የእኛን እጅ እንደሚጠቀም መርሳት የለብንም።

ይህም በእኔ መንደር ብቻ የታየ ነገር እንዳይመስላችሁ፥ ከአገራችን የሊቃውንት ታሪክ አንድ ምሳሌ ላምጣ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ የግእዝና የአማርኛ ሊቅ ነበሩ። ኢግናጽዮ ጉይዲ የተባሉት ኢጣሊያዊ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 በሮም ላሳተሙት የአማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት የረዷቸው እርሳቸው ናቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ አንድ ታላቅ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈጽሙት ሞቱ። ኢየሩሳሌም ሳሉ ያስተማሯቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀበሉ። እርሳቸውም ዕድሜያቸውን በእርሱ ላይ አሳልፈው መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ. ም. ዐረፉ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ የመምህራቸውን ሥራ በአደራ ተረክበው በ1948 ዓ. ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሚባለው ትልቅ መጽሐፍ ይህ ነው። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ፥ በ1962 ዓ. ም. ነው።

አስተውሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ፥ ሦስተኛውም የሁለተኛውን ሥራ ተሸክመው ከግቡ አደረሱት። ሦስተኛው ሰው የራሱን መጽሐፍ ከማሳተሙ በፊት የመምህሩን አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ለመምህሮቻቸው በቃል ብቻ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ ያ መጽሐፍ በእጃችን ባልኖረም ነበር። ምስጋናቸው የተጻፈው ገጽ በገጽ በሥራ ነው። ከእንጀራው ወደ መጽሐፉ፥ ከመጽሐፉም ወደ እናንተ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው።

ታዲያ በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ የቆሙት እነማን ናቸው? ስማቸው በማንኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ብራናውን የጻፈው፥ ድጓውን ያስመሰከረው፥ ቅኔውን የዘረፈው ተማሪ ሁሉ የበላው እነርሱ የጋገሩትን ነው። እነርሱ ግን፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ፊደል እንዲቆጥሩ አልተደረገም። ያቺ ከወንዙ ማዶ የነበረች ሴት ለሰባት ዓመት የእኔን ትምህርት ስትመግብ የራሷን ስም ማንበብ አትችልም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ. ም. ተጀምሮ አዋቂዎች በየመንደሩ ፊደል መቍጠር ሲጀምሩ እርሷ ከሞተች ዓመት ሆኗት ነበር። ከዕዳዬ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። በእነዚያ ሁሉ ማታዎች ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቂጣ ስቀበል፥ አንድ ቀን እንኳ «እሜቴ፥ ይህች ሀ ናት» ብላት ምን ነበረበት?

በዚያች ቤት ያን ዕለት አንዲት ትንሽ ልጅ፥ የሴትዮዋ የልጅ ልጅ፥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ደብተር ዘርግታ ትጽፍ ነበር። አባቷ ገንዘቤን ስላልተቀበለኝ እኔም ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጥሁና እስኪመሽ ድረስ አብሬያት አነበብሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ግን አልቈጥርም፤ የተቈጠረ ምጽዋት ወደ መመጻደቅ ይሄዳልና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ተወሰደ መምህራኑ የነበራቸው ድርሻ ቀረ። የቅኔ ቤቶቹ ሸክም ከቀድሞው ይልቅ በመንደሩ እጅ ላይ ወደቀ። ያም ሆኖ አልተዘጉም፤ አኮፋዳ ያንጠለጠለ፥ ደበሎ የለበሰ ልጅ በጎጃምና በጎንደር መንገድ ዛሬም ይታያል። የሚያሳድረው ያው የጥንቱ ቁራሽ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተ ምናልባት አኮፋዳ አንጠልጥላችሁ አልለመናችሁ ይሆናል። ነገር ግን ያለ ሰው እንጀራ የተማረ የለም። አንዱን እናቱ ጉልት ውላ አስተማረችው፤ አንዱን ታላቅ እኅቱ ትምህርቷን ትታ አሳደገችው፤ ሌላውን በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ዘመዱ ደብተር ገዛችለት። እንግዲህ ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ «ተመስገን» ከማለታችሁ በፊት፥ ይህ እንጀራ ከማን እራት ተቈርሶ እንደ መጣ ጠይቁ። ሰጪው በሕይወት ካለ «በመልስ እጠይቀዋለሁ» አትበሉ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ቢሆንም ዛሬውኑ ሂዱ። ከሞተም ዕዳው አልሞተምና ከኋላችሁ የሚመጣውን ፈልጉ። በየቀኑ ትንሽ ነገር፥ ቀን ቆርጣችሁና መጠን ወስናችሁ ስጡ፤ ቁራሽ ያለው ቁራሽ፥ ፊደል ያለውም ፊደል ይስጥ።

ያን ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብትሉ ቃላችሁ እውነት ይሆናል።